የመሪጌታ አንገት

«መቼ ጀመረሽ?»

ይህን የጠየቀኝ አዲስ አበባ ያየኝ የዓይን ሐኪም ነው። ጥያቄው ከባድ አልነበረም። ሆዱን የቆረጠው ሰው «ትናንት ከምሳ በኋላ» ይላል፤ እግሩ የተሰበረ ያደናቀፈውን ድንጋይ ሳይቀር ያሳያል። እኔ ግን ያኔም መልስ አልነበረኝም፤ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ዛሬም የለኝም። ተውሼ የመለስኩትን ዕቃ ሁሉ የመለስኩበትን ቀን የማልረሳ ሰው ነኝ። የግራ ዓይኔ ዳር የጠፋበትን ቀን ግን አላውቀውም።

ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ከወገናቸው መካከል በዓይኑ የተጎዳ ሰው ላለባቸው፣ እነሱ ግን «እኔ ደህና ነኝ» ብለው ለተቀመጡ ነው። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ነበርና።

ያደግሁት ቢቸና ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ አገር ሁሉ «መሪጌታ» ይላቸዋል። የተማሪዎቻቸው ጎጆዎች ከቤታችን ጀርባ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ተደርድረው ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ የዚያ ግቢ ጠዋት ነው፦ ጭስ የሚተፋው የጎጆ ክዳን፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚያጉተመትመው ተማሪ፣ በመካከል ደግሞ ጭራቸውን ይዘው ወይራው ሥር የተቀመጡት አባቴ።

አባቴ ሰው ከጎናቸው ሲያናግራቸው በዓይናቸው ጥግ አያዩትም። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ከዚያ ትከሻቸው ሳይነቃነቅ አንገታቸውን ቀስ አድርገው ያዞሩና ሰውየውን ፊት ለፊት ያዩታል። ያ አዟዟር ግርማ ነበረው። ተማሪዎቹ ሁሉ ይቀዱት ነበር፤ ከሩቅ አገር ትናንት የመጣው እንኳ ሰንብቶ ሳይለምድ አንገቱን እንደ እሳቸው ማዞር ይጀምራል። በከተማው ስሙ «የመሪጌታ አንገት» ነው። ተማሪ ቁራሽ ሊለምን በር ላይ ሲቆም ቀልደኞቹ ሴቶች «አንገትህን አዙረህ እስክትጨርስ እንጀራው ይደርቃል፣ ቶሎ በል» ይሉት ነበር።

እያደር አባቴ ጨርሰው ማየት ተሳናቸው። ሰው ግን አላዘነላቸውም፤ እንዲያውም ክብራቸው ጨመረ። «ዓይናቸውን ለመጽሐፍ ሰጡ» ተባለ። መጽሐፉ ሁሉ በልባቸው ስለነበር ማስተማሩም አልተቋረጠም። እናቶች ልጆቻቸውን አምጥተው ያስባርካሉ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ንባብ ዓይንን እንደሚበላ አምኜ አደግሁ።

በልጅነቴ ወደ ሞጣ ተድሬ ነበር። አልሆነልኝም፤ ተመለስኩ። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ ሲወጡ ነው። አንደኛ ክፍል ውስጥ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሬ እቀመጥ ነበር። የአባቴ እኅት፣ አክስቴ እንኳንዬ፣ ቤታችን በመጣች ቁጥር ታነሣዋለች።

«የአንዱ ዓይን በመጽሐፍ አለቀ፤ ደግሞ የልጅቱ ይጨመርበት?»

«ተያት፣ ትማር» ይላሉ አባቴ።

«እሺ። አንድ ቀን ዓይኔን ያለች እንደሆነ ግን መጽሐፉን ምድጃ ነው የምከተው። ታናሽቱም ያኔ ትወጣለች።»

ታናሽቱ እኅቴ ዘውድነሽ ናት። እንግዲህ በእኛ ቤት «ዓይኔን አመመኝ» ማለት ሁለት ልጆችን ከትምህርት ቤት ማስወጣት ነበር። ይህን ያወቅሁት ከፊደል ቀድሜ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ ሰው ይቀየመኝ ጀመር። ከግራዬ የመጣ ሰው ሰላም ሲለኝ ድምፁን ሰምቼ ዞር እስክል አልፎኛል። ድምፁን ሳያሰማ ባርኔጣውን ብቻ የሚያነሣ ከሆነ ደግሞ ለእኔ ጭራሽ አልነበረም። በእኛ አገር ታላቅን ዝም ብሎ ማለፍ ከስድብ አይተናነስም። «የመሪጌታ ልጅ ትምህርት አናቷ ላይ ወጣ» ተባለ። «ኤ ቢ ሲ ዲ ስትቆጥር የእግዜር ሰላምታ ጠፋባት።»

የባሰው የግራዝማች ነገር ነው። ግራዝማች ጎረቤታችን ናቸው፤ በየበሩ ጎንበስ ብለው የሚገቡ፣ ጎናቸውም እንደ ቁመታቸው የሰፋ ሰው። አጥራቸው ጥግ ቆመው ሳሉ ደጋግሜ ዝም ብዬ አለፍኳቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። እናቴ ጠላ ቀዳች። አባቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አክስቴ እንኳንዬም ከጥጉ አለች።

«ልጄ አላየችዎትም ይሆናል እኮ» አለች እናቴ።

«አላየችኝም?» ግራዝማች ተነሡ። «እኔን? እስቲ እዩኝ ጎበዝ! እኔ መርፌ ነኝ? ከገበያ ማዶ የሚያዩኝን ሰውዬ ይህች የተማረች አጣችኝ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። «እባክዎ ይቀመጡ ግራዝማች፣ ቤቱ ጨለመብን።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ከግራዬ ሰው አይታየኝም» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አክስቴን አየኋት። ፊት ለፊቴ ስለነበረች እሷ በደንብ ትታየኛለች።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ትዕቢት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ጉልበታቸውን እንድስም ታዘዝኩ። ጎንበስ ስል በግራዬ የነበረውን ዋንጫ በክርኔ መታሁትና ጠላው በሙሉ በግራዝማች ነጭ ሱሪ ላይ ፈሰሰ።

«ይኸው!» አሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። «ሳታየኝ አለፈችኝ፤ አሁን ደግሞ አጠመቀችኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እርቁም በሳቁ ወረደ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቁት አባቴ ብቻ ነበሩ።

እንግዶቹ ሲወጡ ጠሩኝ። «ሰው ሲያናግርሽ በዓይንሽ ጥግ አትመልከቺ። ቁሚ። ከዚያ ፊትሽን ሙሉውን አዙሪለት። መንገድ ስትሄጂም እንዲሁ አድርጊ፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ።»

የትሕትና ምክር መስሎኝ እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እኔም የመሪጌታን አንገት ያዝኩ። ሐሜቱ ረገበ፤ «ልጅቱ ተመከረች» ተባለ።

ይሁንና ፍርሃቱ ውስጤ ስለቀረ አንድ ቀን ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ስለ ዓይኔ አልነገርኩትም፤ ወሬው ቤት ይደርሳል ብዬ «ራሴን ያመኛል» አልኩት። እሱ ግን በራሱ ሐሳብ የዓይኔን ቆብ መገልበጥ ጀመረ፤ በዚያ ዘመን ዓይን የሚያጠፋው ትራኮማ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ። ንጹሕ ሆነ። ከዚያ ግቢው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ላይ የተቸነከረውን የፊደል ሰሌዳ አንድ አንድ ዓይኔን እየሸፈነ አስነበበኝ። እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር ወረድኩለት።

«ኧረ አንቺስ ጉድ ነሽ!» አለኝ። «ዛፉ ላይ ዝንብ ብታርፍ ወንድ ትሁን ሴት ትነግሪኛለሽ። ሂጂ፣ ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል።»

እየዘለልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አንባቢዬ እዚህ ላይ ቆም ይበል። ድሬሰሩ አላጠፋም፤ በነበረው መሣሪያ ትክክል ነበር። የእኔ በሽታ ግን ከፊት ያለውን ሳይነካ ከዳር የሚበላ ነው። ፊደል አጥርቶ ማንበብ ዓይን ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ስምንተኛ ክፍልን አልፌ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። እዚያ የከዳኝ የመረብ ኳስ ነው። ኳስ በግራ በኩል በመጣ ቁጥር ጉንጬን ይመታኛል። ልጃገረዶቹ «ኳሷ ወደደቻት» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። የተቋሙ ነርስ አንድ ቀን ከሜዳው ዳር ሆና ስታየኝ ቆየችና አስጠራችኝ። ከኋላዬ ቆማ ጣቷን በጆሮዬ በኩል ወደ ፊት እያመጣች «ሲታይሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ወረቀት ጽፋ ወደ አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ላከችኝ።

የሆስፒታሉን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የታሰረ ዓይን፣ የሚያነባ ዓይን፣ እንደ አባቴ ዝም ያለ ዓይን። አጠገቤ የነበረች የመንዝ ሴት ስሜን ሳትጠይቅ ከቋጠሮዋ ዳቦ ቆርሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ብዪ፣ ፍርሃት ባዶ ሆድ ይወዳል» አለችኝ። በላሁ። የዚያን ቀን ያህል የጣፈጠኝ ዳቦ አላስታውስም።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ የሆስፒታሉ ነርስ ታስተረጉማለች። አስተኝተውኝ የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨመሩና አንዲት ትንሽ መለኪያ ዓይኔ ላይ አሳረፉ፤ አላመመኝም። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ጥቁር ጨርቅ ፊት አስቀመጡኝ። መካከሉ ላይ ነጭ ነጥብ አለች። ሐኪሙ ጫፉ ላይ ነጭ ፍሬ ያለበት ጥቁር ዘንግ ያዘ።

«ነጥቧን ብቻ እያየሽ ቆዪ» አለች ነርሷ። «ፍሬዋ ስትመጣ ‹አየሁ› በይ።»

በቀኝ ዓይኔ ጥሩ ሄደ። በግራው ተራ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ሰውየው ሥራውን ያልጀመረ መሰለኝና «ምነው፣ ቆመ እንዴ?» አልኩ። በድንገት ፍሬዋ ነጥቧ አጠገብ ብቅ አለች። «አየሁ» ብዬ ቀና ስል የሐኪሙ ክንድ ጨርቁን ግማሽ አቋርጦ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ እዚያው ተቀምጬ አላየሁትም።

«መቼ ጀመረሽ? ይልሻል» አለች ነርሷ።

«አላውቅም» አልኩ።

የነገሩኝን በራሴ ቋንቋ ልጻፈው። ዓይን በውስጡ፣ ከእንባ የተለየ፣ የሚመነጭና የሚፈስ ንጹሕ ፈሳሽ አለው። መውጫው ሲታወክ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምርና ምስልን ከዓይን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ብዙውን ጊዜ አያሳምም፣ አያቀላም። ስሙ ግላኮማ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በመድኃኒት ማቆየት ይቻላል። ይበልጥ የሚይዘው በዕድሜ ገፋ ያሉትን ሲሆን በወጣትነት የሚጀምርባቸው ቤተሰቦችም አሉ።

«ከቤተሰብሽ ማየት የተሳነው ሰው አለ?»

«አባቴ። የሳቸው ግን ከንባብ ነው።»

ነርሷ ሳትተረጉም ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ተረጎመች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

«ንባብ ይህን በሽታ አያመጣም ይልሻል። አንብቢ፣ እንደ ልብሽ አንብቢ ይልሻል። በዘር የሚወርድ ነው። ወንድም፣ እኅት አለሽ? ሳይዘገይ ይታዩ ይላል።»

በዚያ ቀን ደስታዬና ሐዘኔ አንድ ላይ መጡ። መጽሐፌን የሚከሰው አልነበረም። እኅቴ ግን ነበረችኝ።

ጠብታውን ተቀብዬ ተመለስኩ፤ ትምህርቴን ጨርሼም ሞጣ ተመደብኩ። በልጅነቴ ሙሽራ ሆኜ አልቅሼ የገባሁባት ከተማ በመምህርነት ስትቀበለኝ እንግዳ ደስታ ነበረው። ጠብታው ግንባሬን ይወቅረኛል፤ ሲመሽም ዓለሙን ያጠይምብኛል። ክፍል ውስጥ ከጠመኔው ሣጥን ሥር እደብቀውና በዕረፍት ሰዓት እጨምራለሁ። ልጆቹ በመስኮት አይተውኝ «እትዬ ዛሬም አለቀሰች» ይባባሉ ነበር። ጠዋት እንደ ወተት የሚነጣውን የሞጣን ጉም፣ ጉሙ ውስጥ የሚጮኸውን ደወልና የእነዚያን ልጆች ሹክሹክታ አሁንም እናፍቃለሁ።

የሕክምናውን ፍጻሜ እዚሁ ላስቀምጠው። በኋላ የግራ ዓይኔ በጠብታ አልገታ ቢል በቀዶ ጥገና ግፊቱን ቀነሱልኝ። የጠፋው ጠፍቶ ቀረ፤ የቀረው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ይህንንም የምጽፈው በእሱ ነው። ስላላመመኝ ብቻ ጠብታውን ያቆምኩበት ጊዜ የለም። እናንተም አታቁሙ።

የከበደኝ ሕክምናው አልነበረም፤ መናገሩ ነው። ለአባቴ «ንባብ አይደለም፣ በዘር ነው» ስላቸው ሁለት ነገር እነጥቃቸዋለሁ፦ አገር ያከበረውን መሥዋዕታቸውን፣ ደግሞም «ለልጄ ያወረስኳት እኔ ነኝ» ሳይሉ ተኝተው የሚያድሩበትን ሰላም። አክስቴም ዘውድነሽን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት ሰበብ ታገኛለች። ክረምቱ ይለፍ አልኩ። ክረምቱ አለፈ። ጥምቀት ይለፍ አልኩ።

ለፋሲካ በጭነት መኪና፣ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና ገባሁ። ዘውድነሽ በር ላይ ጥልፍ ይዛ ተቀምጣለች። ስጠራት መርፌዋ ቆመ። ከዚያ ትከሻዋ ሳይነቃነቅ አንገቷን ቀስ አድርጋ አዞረችልኝ።

እናቴ ሳቀች። «አየሻት? ሰሞኑን እሷም የመሪጌታን አንገት ይዛለች። ተማሪዎቹን ስትቀዳ!»

መቅዳቷ ይሁን መታመሟ በምን ይታወቃል? በዚያ ግቢ አንገቱን የማያዞር አልነበረም። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ከጎኗ ቆምኩና የማሠልጠኛው ነርስ እንዳደረገችው ጣቴን ከጆሮዋ በኩል ቀስ አድርጌ አመጣሁት። ጥልፏን ትጠልፋለች። ጣቴ ጉንጯን ሊነካ ሲል ዘልላ ተነሣች።

«ምን ሆነሻል? ታስደነግጪኛለሽ እኮ!»

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ወይራው ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ተማሪዎቹ ለልመና ወጥተዋል። በግራቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

ዝም አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ቀስ አድርገው አዞሩልኝ። ዓይናቸው ሥራ ከፈታ ዘመን አልፎታል፤ አንገታቸው ግን ልማዱን አልተወም።

ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ግራዝማችን፣ ኳሱን፣ ጥቁሩን ጨርቅ፣ ጠብታውን። በመጨረሻም «ከንባብ አይደለም አሉኝ። የእርስዎም ከንባብ ላይሆን ይችላል» አልኩ።

ጭራው እጃቸው ላይ ቆመ። ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

«መቼ ጀመረሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባባ።»

«እኔም የእኔን አላውቅም።» ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ዳሩ ነው አይደል ቀድሞ የሚሄደው?»

«አዎ፣ ዳሩ።»

«ሰው ከጎኔ ሲመጣ ከመሬት የበቀለ ይመስለኝ ነበር። ድንጋጤዬን እንዳያዩብኝ አንገቴን ቀስ ብዬ ማዞር ያዝኩ። እነዚህ ጅሎች ደግሞ ክብር መሰላቸውና ቀዱት።» ሳቁ። ያን እሑድ ያልሳቁትን ሳቅ ጭምር የሳቁ መሰለኝ።

«እኔን አንገት ማዞር ያስተማሩኝ ጊዜስ... ያውቁ ነበር?»

«ግራዝማችን የሚያህል ሰው የሳተች ልጅ ምን እንደሆነች ይጠፋኛል? ብናገር ትምህርትሽ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።»

«አሁንስ? አክስቴ እንኳንዬ መጽሐፉን ትከሳለች።»

«እናቷን ትክሰስ» አሉ። «እናታችን ስትሞት የምትይዘው ሰው እጅ አይታያትም ነበር። ደግሞ አንዲት ፊደል አልቆጠረች። እንኳንዬ እርጅና ነው ብላ ረስታው ነው። እኔ አስታውሳታለሁ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ።

«ዘውድነሽን አንገት ማዞሩን እኔ አላስተማርኳትም። ስጠራት ድምፅዋ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ ከዚያ ዞሮ ይመጣል። ሰሞኑን ነው የሰማሁት። ተማሪ ሲቀዳኝ መጀመሪያ ዞሮ ነው የሚናገረው፤ እሷ ግን የት እንዳለሁ ሳታይ መናገር ትጀምራለች።»

ዛሬ የልጅ ልጆቿን ጥልፍ የምታስተምረው፣ በጊዜ ስለተደረሰላት ከእኔ ይልቅ ብዙ ዓይን የተረፋት ዘውድነሽ፣ ያን ጊዜ በሩ ላይ መርፌዋን ይዛ ነበር።

«ዘውድነሽ!» አሉ አባቴ። «የክት ቀሚስሽን እጠቢ። ከእኅትሽ ጋር ዓባይን ትሻገሪያለሽ።»

«ለምን?» አለች።

እኔም በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ድምፅዋ ቀድሞ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ እኛ መጣ።